የታደሰች ጀልባ ምኗ ነው የታደሰው?

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሸራ ጀልባ የሚጠይቁ ናቸው። መልስ የሚሰጡት የዘወትር አምደኛችን ናቸው። ቀድሞ በምጽዋ የባህር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፤ አሁን በአናፖሊስ፣ ሜሪላንድ፣ በአንድ የጀልባ ጥገና ግቢ ውስጥ የምሰሶና የሽቦ ሥራ ይሠራሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 46 ነው። ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ በትንሽ ሸራ ጀልባ ስለማመድ ቆይቻለሁ። አሁን በ1983 እ.ኤ.አ. የተሠራች ታያና 37 አግኝቻለሁ። ሻጩ 68 ሺህ ዶላር ይላል። ሙሉ በሙሉ ታድሳለች ነው የሚለኝ፦ 400 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ፣ 800 ዋት ሶላር፣ የባህር ውሃ ማጣሪያ፣ ስታርሊንክ (የሳተላይት ኢንተርኔት)፣ አዲስ የካርታ ስክሪን፣ አዲስ ፍራሽ። የላይኛው የቲክ እንጨት ወለሏ ተነስቶ ቀለም ተቀብቷል። ፐርኪንስ ሞተሯ ወርዶ ተሠርቷል። ሰርቬይ (የባለሙያ ምርመራ) ስለው የ2021 ወረቀት ላከልኝ። በኖቬምበር ወደ ካሪቢያን ልወርድባትና እዚያው ልኖርባት አስቤያለሁ። ምን ይላሉ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በጀልባ ምርጫህ ክርክር የለኝም። ታያና 37 ሮበርት ፔሪ የነደፋት፣ ታይዋን ውስጥ የተሠራች ጀልባ ናት። ክብደቷ 10 ቶን ያልፋል። ውቅያኖስ ላይ ረጋ ብላ ትሄዳለች፤ ሰውን አታንገላታም። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ቀርፋፋ ናት። ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ውስጥ ወደ ኋላ ልንዳት ስትል ደግሞ የራሷ ሐሳብ አላት፤ ያንን ትለምደዋለህ።

ያሳሰበኝ ዝርዝሩ ነው። ባትሪ፣ ሶላር፣ ስታርሊንክ፣ ፍራሽ። ሁሉም ደስ ይላል። ግን አንዱም ምሰሶውን ቀጥ አድርጎ አይዝም፤ አንዱም ባህሩን ውጭ አያስቀረውም። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ሶፋና ቴሌቪዥን እንደ መቀየር ነው። ስለዚህ ሻጩን ምን ምን ተፈትቶ እንደታየ ጠይቀው። ተፈትቶ ከታየ ፎቶ አለ፣ ደረሰኝ አለ። ከሌለ አልተፈታም ብለህ ያዘው።

ከእኔ ሥራ ልጀምር። ምሰሶውን ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከፊትና ከኋላ ወጥረው የሚይዙት የስቴንለስ ሽቦዎች ናቸው። ስንት ዓመታቸው ነው? አልጻፍክም፤ ሻጩም አልነገረህም ማለት ነው። ኢንሹራንሶች ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ሲሞላቸው ቀይር ይላሉ። ለዚህች ጀልባ ሙሉ ሽቦ መቀየር ከ10 ሺህ ዶላር በታች ይሆናል ብለህ አታስብ። ያንን ከ68 ሺው ላይ ደምረው።

ከሽቦው የባሰው ግን ቼንፕሌት የሚባለው ነው። ሽቦዎቹን ከጀልባው አካል ጋር የሚያያይዙት ጠፍጣፋ ብረቶች ናቸው። ከላይ ስታያቸው ያበራሉ። ጣጣው ያለው የማይታየው ቦታ ላይ፣ ወለሉን አልፈው ወደ ውስጥ በሚገቡበት ሁለት ጣት በማይሞላ ክፍል ነው። ስቴንለስ እንዳይዝግ የሚጠብቀው አየር ሲያገኝ ላዩ ላይ የሚሠራው ስስ ሽፋን ነው። እርጥብ እንጨትና ያረጀ ማጣበቂያ መሀል ሲቀበር አየር ያጣል። ያኔ ከውስጥ መበላት ይጀምራል። ከላይ ስታየው አሁንም ያብረቀርቃል።

እኛ ጋ እንዲህ ነው የምናየው። የባትሪ መብራትና ትንሽ መስታወት ይዘህ ቁምሳጥኑ ውስጥ ትገባለህ። ብረቱ ከጣሪያው የሚወርድበት ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ መስመር ካለ ውሃ እየገባ ነው። ከዚያ ቢያንስ አንዱን፣ በተለይ ዋናውን ምሰሶ ከጎን የሚይዘውን፣ ፈትተህ ታወጣለህ። በደንብ ይጸዳል። ቀይ ፈሳሽ ይረጭበታል፤ ጥቂት ይቆይና ሙልጭ ተደርጎ ይጠረጋል። ቀጥሎ ነጭ ዱቄት የሚመስል ስፕሬይ ይደረግበታል። ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስንጥቅ ካለው ግን ቀይዋ መስመር ቀስ ብላ በነጩ ላይ ትወጣለች። ብዙ ጊዜ የምትወጣው የብሎን ቀዳዳው ጥግ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሻጩ የሚከራከርህ ነገር አይኖረውም። ይህን ቼክ ሳታደርግ ብር አትስጥ።

ወለሏ ተነስቶ ቀለም ተቀብቷል ማለቱ ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል። የቲክ ወለል በመቶዎች በሚቆጠሩ ብሎኖች ነው የሚያዘው። እያንዳንዱ ብሎን ወደ ውስጠኛው እንጨት የሚወርድ ቀዳዳ ነው። ቲኩ ሲነሳ ቀዳዳዎቹ ተቦርቡረው፣ እርጥቡ እንጨት ወጥቶ፣ በኢፖክሲ ተሞልተው ከሆነ አሪፍ ሥራ ነው። ላዩ ላይ ስቱኮ ተለጥፎ ቀለም ከተቀባ ግን ተሸውደሃል። የፕላስቲክ መዶሻ ያዝና መላውን ወለል ቀስ እያልክ ምታው። ደረቁ ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ይታፈናል። ለዚህ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል።

ሌላው የነዳጅ ታንክ ነው። በብዙዎቹ የዚህ ሥሪት ጀልባዎች ላይ ታንኩ ጥቁር ብረት ሆኖ አፍንጫዋ ላይ፣ ከፊተኛው አልጋ ሥር ነው ያለው። ወደ 100 ጋሎን ይይዛል። ሞልተኸው ስትወጣ ከ300 ኪሎ በላይ አፍንጫዋ ላይ ጫንክ ማለት ነው። ከመልህቅ ሰንሰለቱ የሚንጠባጠብ ጨው ውሃ ደርሶት ከሆነ ደግሞ ከውጭ ይዝጋል። ፍራሹን አንሳ፣ እጅህን ከታንኩ ሥር አስገባ። እርጥብ ከሆነ ወይም የዝገት ቅርፊት በእጅህ ከመጣ ዋጋ ላይ መነጋገሪያ አገኘህ።

የታንክ ነገር ሌላም መልክ አለው። ማሪና ውስጥ ሞተሩ እንደ ሰዓት ይሠራል። ባህር ላይ ወጥታ መወዛወዝ ስትጀምር ለዓመታት ከታች የረጋው ዝቃጭ ይነሳና የነዳጅ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ሞተሩ ቀጥ ይላል፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ወደብ ልትገባ ስትል ነው። ፐርኪንስ 4-108 ጠንካራ ሞተር ነው፤ ዘይት ያንጠባጥባል እንጂ ሰው አያሳፍርም። ግን የተሠራ ሞተር ላይ የቆሸሸ ነዳጅ መላክ ዋጋ የለውም። ታንኩ ተከፍቶ ታጥቧል ወይ በለው።

ሊቲየሙን ማን አስገባው? ይህን ኢንሹራንሱም ይጠይቅሃል። የሞተሩ ዳይናሞ በቀጥታ ሊቲየም ከሞላ ባትሪው የሰጡትን ሁሉ ስለሚጠጣ ዳይናሞው ይግላል፤ ይቃጠላልም። መሀል ላይ ፍሰቱን የሚገድብ መሣሪያ መኖር አለበት። ከባትሪው አጠገብም ክላስ ቲ የሚባለው ፊውዝ መኖሩን በዓይንህ እይ። ሊቲየም ሾርት ሲያደርግ የሚለቀው ኃይል በተራ ፊውዝ አይቆምም።

ስለ ውሃ ማጣሪያው አንድ ነገር ብቻ ልበልህ፦ ካልተጠቀምክበት ይበላሻል። በሳምንት አንዴ በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይፈልጋል። የማሪና ቧንቧ ውሃ ደግሞ ክሎሪን ስላለው በከሰል ማጣሪያ ሳያልፍ ወደዚያ ከገባ ጨውን የሚያስቀረውን ዋናውን ሜምብሬን ይገድለዋል። ሁለት ክረምት ዝም ብሎ የተቀመጠ ከሆነ እንደሌለ ቁጠረው።

የ2021ን ወረቀት ተወው። የራስህን ሰርቬየር ቅጠር፤ ሻጩ የሚጠቁምህን አትቀበል። የሳምስ ወይም የናምስ (የሰርቬየሮች ማኅበራት ናቸው) አባል ይሁን። በእኛ አካባቢ ለእያንዳንዱ ጫማ የጀልባ ርዝመት ከ20 እስከ 30 ዶላር ያስከፍላል፤ ጀልባዋን ከውሃ ማውጣት ለብቻው ነው። ከውሃ ስትወጣ አንተም እዚያ ተገኝ። መሪዋን በሁለት እጅህ ይዘህ ነቅንቀው። ከውሃ መስመር በታች ያሉትን ቧንቧ መዝጊያዎች አንድ በአንድ ክፈት፣ ዝጋ። አልዞር ያለ ካለ ይቀየራል፤ ድርድር የለውም።

አሁን ወደ ኖቬምበር። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ከቼሳፒክ የሚወርዱ ጀልባዎች ቨርጂኒያ ካሉት ከሃምፕተን ወይም ከኖርፎክ የሚወጡት ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ነው። አውሎ ነፋሱ እየደከመ፣ የክረምቱ ዶፍ ገና እየመጣ፣ በሁለቱ መሀል በምትገኝ ጠባብ ቀዳዳ ይሾልካሉ። እስከ ቤርሙዳ ወደ 650 ኖቲካል ማይል፣ በቀጥታ እስከ አንቲጓ ወደ 1,500 ነው። ያንተዋ በቀን 130 ከሄደች ደህና ሄደች። መሀል ላይ ገልፍ ስትሪም አለ። ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚፈስ የሞቀ ወንዝ ነው፤ የሰሜን ነፋስ ሲነፍስበት ማዕበሉ ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ ይቆማል። በዚያ ቀን እዚያ መገኘት አትፈልግም።

በዚህ ኖቬምበር በራስህ ጀልባ አትሂድ። ያላወቅካትን ጀልባ ይዘህ ያላወቅከው ውቅያኖስ ላይ አትውጣ። በዚያው ወር ግን በሌላ ሰው ጀልባ ላይ ተሳፋሪ ሠራተኛ ሆነህ ውረድ። እጅ የሚፈልግ ካፒቴን አይጠፋም፤ ኢንሹራንሱም በኋላ የውቅያኖስ ልምድ አለህ ወይ ሲልህ የምትለው ይኖርሃል። በሚቀጥለው ዓመት የራስህን ይዘህ ትወርዳለህ። ልብህ ካልቻለ ደግሞ ከኖርፎክ የሚጀምረውን የውስጥ የውሃ መንገድ ይዘህ እስከ ፍሎሪዳ ውረድ። ቋሚ ድልድዮቹ በአብዛኛው ከፍታቸው 65 ጫማ ነው፤ ማያሚ አካባቢ ያለው አንዱ 56 ብቻ ነው። አንቴናውን ጨምረህ ምሰሶህን ለካ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለቤቴ ስለ ጀልባ ሳይጽፍልዎ አይቀርም። እኔ ከመሄዱ አልከለክለውም፤ እኔም እሄዳለሁ ብያለሁ። ግን ማንም የማይመልስልኝ ጥያቄ አለኝ። ምን እንበላለን? ቡና ይፈላል? መኪና ኋላ ወንበር ላይ እንኳን የሚያመኝ ሰው ነኝ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ ማን እንደጻፈልኝ አልናገርም።

ምግቡን በተመለከተ እኛን የሚስተካከል የለም። ፈረንጆቹ ባህር ላይ ምን እንብላ እያሉ ሲጨነቁ የእኛ እናቶች ስንቅ የሚባለውን ነገር ጨርሰውታል። በሶ ይዘሽ ሂጂ። ማዕበል ሲነሳ ምድጃ አይለኮስም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የጥበቃ ተራሽ ሲደርስ በሶ፣ ውሃና ትንሽ ማር ጠርሙስ ውስጥ ጨምረሽ ትበጠብጪዋለሽ፤ እስኪነጋ ይይዛል። ጭኮም እንደዚያው ነው። ዳቦ ቆሎ በቆርቆሮ፣ ቋንጣ በትንሽ በትንሹ ታሽጎ። ድርቆሽ ከሁሉም ይቀላል። ግን የባህር አየር እርጥብ ነው፤ ክዳኑ በጎማ በሚዘጋ ባልዲ ካላስቀመጥሽው ይለሰልስና ይሻግታል። ሽሮውን በፕሬዠር ኩከር ሥሪው። ክዳኑ ስለሚቆለፍ ጀልባዋ ብትገለበጥ እንኳን ሽሮው አይደፋም።

እንጀራ መልህቅ ጥለሽ ስትቆሚ ብቻ ነው። ምጣዱ ወደ 1,500 ዋት ይጠጣል። ባለ 400 አምፒር-ሰዓት የ12 ቮልት ሊቲየም ባትሪ (እንዲህ ያለ ጀልባ አንድ ሰው አሳይቶኛል) ወደ 5 ኪሎዋት-ሰዓት ይይዛል። ለአንድ ሰዓት ብትጋግሪ እስከ ሲሶው ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጋግሪ፤ ሶላሩ ከሥር ከሥር ይተካዋል። ጉዞ ላይ አይሞከርም። ሊጡ ምጣዱ ላይ አይረጋም፤ ወደ አንድ ጎን ነው የሚሄደው።

ቡና ይፈላል። ከሰል ግን በፍጹም! የካቢን በር ተዘግቶ ከሰል የተለኮሰበት ቦታ የተኛ ሰው ላይነሳ ይችላል። በጋዝ ምድጃ ቁዪ፣ በጋዝ አፍዪ። የጋዙ ነገር ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ካፈሰሰ ወደ ጀልባዋ ሆድ ይወርድና እዚያ ይጠራቀማል፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ሲሊንደሩ ወደ ውጭ ብቻ የሚተነፍስ ሳጥን ውስጥ መሆኑን፣ ምድጃው አጠገብም ጋዙን የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ መኖሩን አንቺው ራስሽ አረጋግጪ። ጀበናውን ጉዞ ላይ እሰሪው፤ ቂጡ ክብ ስለሆነ አይቆምም። ሞካ የሚባለውን የጣሊያን ማፍያ ተጠቀሚ። ረከቦቱን መልህቅ ከጣልሽ በኋላ ዘርጊው።

የሚያምሽ ነገር እውነት ነው፤ አላቃልለውም። ብዙ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ይታመምና ይለምደዋል። መድኃኒቱ የሚሠራው ከመታመምሽ በፊት ከወሰድሽው ነው፤ ማታውኑ ጀምሪ። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈውን ሐኪም ያዝልሽ። መጀመሪያ ግን ቤትሽ ውስጥ ሞክሪው፤ አንዳንዱን ሰው ያደናግረዋል። ከታች ካቢን ውስጥ ሆነሽ ስልክ አትይ። ውጭ ተቀመጪ፣ አድማሱን እይ፣ ከተቻለ መሪውን አንቺ ያዢ። መሪ የያዘ ሰው ብዙም አያመውም።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ኢላት ላይ ሸራ ጀልባ አለው። ቀይ ባህርን ወርደን ጅቡቲ መድረስ፣ ከዚያ በባቡር አዲስ አበባ መግባት አምሮናል። ይቻላል? (ከአሽዶድ)

መልስ፦ ምኞታችሁ ደስ ይላል፤ አሁን ግን አይሆንም። ከኖቬምበር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በዚያ በሚያልፉ መርከቦች ላይ ጥቃት ከፍተዋል። በጁላይ 2025 ማጂክ ሲስና ኢተርኒቲ ሲ የተባሉ ሁለት ትልልቅ የጭነት መርከቦች ተመትተው ሰጥመዋል። ሱዳን ውስጥ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ጦርነት ነው፤ መሀል ላይ አረፍ የሚባልባት ሱዋኪንም እዚያው ናት። እስራኤልና ጅቡቲ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የላቸውም፤ ችግር ቢደርስባችሁ ማን ጋ ትደውላላችሁ? በሸራ ዓለምን የሚዞሩ ብዙዎች አሁን ይህን መንገድ ትተው በደቡብ አፍሪካ በኩል ይዞራሉ።

ሰላም ሲሆን ግን ነፋሱን እወቁ። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ቀይ ባህር ላይ ከላይ እስከ ታች የሰሜን ነፋስ ነው፤ እናንተን ከኋላ ይገፋችኋል። ሙቀቱ ግን አይቻልም። ከኦክቶበር ወዲህ የደቡቡ ግማሽ ይገለበጣል፤ ከባብ ኤል መንደብ ወደ ላይ ይነፍስና ፊታችሁን ይመታችኋል። እኔ ያን ውሃ የማውቀው ከምጽዋ ነው። «ኢትዮጵያ» የምትባለዋ ትልቋ መርከባችን፣ በ1962 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የመጣችው፣ ብረት ሆና እንኳን በዚያ ነፋስ ስትደቃ ነበር። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ በኋላ ለብረታ ብረት ተሸጠች። ይህ ሌላ ታሪክ ነው።

ጥያቄ፦ የቤት ኪራይ መረረኝ። ጀልባ ገዝቼ ማሪና ውስጥ ብኖር አይሻለኝም? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ብር ለመቆጠብ ከሆነ ተወው። ማሪናው ቦታ ያስከፍልሃል፤ ለሚኖርበት ሰው ደግሞ ተጨማሪ አለ። ብዙዎቹ ነዋሪ የሚቀበሉት በቁጥር ነው፤ ወረፋ አለ። ለጥገና በዓመት የጀልባዋን ዋጋ አንድ አሥረኛ አስቀምጥ ይባላል፤ ያረጀች ከሆነች ከዚያም ትበልጣለች። ክረምት ላይ ብዙ ማሪና ጀልባዎቹ የሚታሰሩበትን የቧንቧ ውሃ ይዘጋል። ጠዋት ስትነሳ ግድግዳው ላይ የራስህ ትንፋሽ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። የሽንት ቤቱን ታንክ ራስህ ነህ ወስደህ የምታስመጥጠው፤ ከባህር ዳርቻ 3 ማይል ሳይርቁ መድፋት ክልክል ነው። ባህሩን ከወደድከው ይህ ሁሉ አይታይህም። ኪራይ ሸሽተህ ከሆነ በፌብሩዋሪ ትመለሳለህ።

ጥያቄ፦ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል? (ከባልቲሞር)

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ ለግል ሸራ ጀልባ የመኪናው ዓይነት መንጃ ፈቃድ የለም። ሜሪላንድ ግን ከጁላይ 1 ቀን 1972 ጀምሮ የተወለደ ሰው የጀልባ ደህንነት ኮርስ ወስዶ ሰርተፊኬት እንዲይዝ ታዛለች። በኢንተርኔት ይወሰዳል። አውሮፓ ስትሄድ አይሲሲ የሚባል የጀልባ ነጂነት ወረቀት የሚጠይቁህ አገሮች አሉ። ሰው የሚረሳው ሬዲዮውን ነው። እዚሁ ውሃችን ላይ ለቪኤችኤፍ ሬዲዮ ፈቃድ አያስፈልግህም። ወደ ውጭ አገር ወደብ ስትሄድ ግን ከኤፍሲሲ (የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን) ሁለት ወረቀት ትፈልጋለህ፤ አንዱ ለጀልባዋ፣ አንዱ ለአንተ። ያንተ ዕድሜ ልክ ነው፤ የጀልባዋ በየ10 ዓመቱ ይታደሳል።